የዘማች ውለታ የሚለካው በካንሰር ሕክምና ወረፋ ላይ ነው

በዓመት ውስጥ ለዘማች ምስጋና የምናቀርብባቸው ቀናት አያንሱንም። የካቲት 23 የዓድዋን ድል፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞችን ቀን፣ ጥቅምት 15 ደግሞ የሠራዊቱን ቀን እናከብራለን። ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሰልፍ ይወጣል፣ ቀረርቶና ፉከራ ይሰማል፣ ባለሥልጣናት የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ፣ ጋዜጦችም ገጻቸውን ለጀግኖች ይሰጣሉ። ይህን አልነቅፍም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በእነዚህ ቀናት የምናመሰግነው ሰው በቀሩት ቀናት ሲታመም፣ በተለይም እንደ ካንሰር ያለ ረጅምና ውድ ሕመም ሲይዘው፣ ምስጋናችን ወዴት ይሄዳል? መከራከሪያዬ አንድ ነው፤ ለዘማች ያለን ምስጋና በሕግ የተደነገገ መብት ሆኖ ሆስፒታል በር ላይ ካልጠበቀው፣ ውለታ የዋለው ሰው ራሱ ለማኝ ይሆናል። አገር ዕዳዋን ትረሳና፣ አበዳሪው በየደረሰበት ለሚወረወርለት ድጋፍ ሁሉ "እግዜር ይስጥልኝ" እያለ ቀሪ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ነገሩን ከሐዋሳ ተነስቶ ማየት ይጠቅማል። የከተማዋ ታሪክ እንደሚያወሳው ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ከቀዳሚ ሰፋሪዎቿ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። ዛሬም የደቡብ ዕዝ መቀመጫ ናት። በሆቴል፣ በባንክና በመጋዘን በር ላይ ካፖርት ደርበው ሌሊቱን ከሚያነጉት ጥበቃዎች መካከል የቀድሞ ወታደር ማግኘት አያስቸግርም። በሌላ በኩል የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከሲዳማ አልፎ ከጌዴኦ፣ ከጉጂ፣ ከቦረናና ከምዕራብ አርሲ የሚመጣውን ሕመምተኛ ይቀበላል። የኬሞቴራፒ ሕክምና ይሰጣል፤ የጨረር ሕክምናን ከአዲስ አበባ ውጭ ለማስፋፋት ሲታቀድ ከተመረጡት ሆስፒታሎችም አንዱ ነው። ስለዚህ "ለዘማች ምን አደረግን?" የሚለው ጥያቄና "ለካንሰር ሕመምተኛ ምን አደረግን?" የሚለው ጥያቄ በዚህች ከተማ ውስጥ አንድ ላይ ይመጣሉ።

ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሐዋሳ የመጣ ሰው፣ ታማሚም ይሁን አስታማሚ፣ ቀጠሮው ሲረዝምበት ወደ አሞራ ገደል መውረዱ አይቀርም። ጠዋት ጀልባዎቹ መረባቸውን ጭነው ወደ ሐይቁ ዳር ሲጠጉ፣ ወጣቶች ቆሮሶውን ተቀብለው ቆዳውን ይገፋሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። አባ ኮዳዎች የሚጣልላቸውን እየጠበቁ በሰው መሀል ይንጎራደዳሉ። ጥሬው ዓሣ ከዳጣ ጋር ይቀርባል፣ ጥብሱ ይወጣል፣ ሾርባው ይዞራል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ግን ከዚህ ማዕድ መርጦ ነው የሚቋደሰው። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ ነጭ የደም ሴሎችንም አብሮ ስለሚያወርድ፣ ለጤነኛው ምንም የማይለው ጥሬ ዓሣ ለእሱ አደገኛ ኢንፌክሽን ሊያመጣበት ይችላል። የሚፈቀድለት በደንብ የበሰለው ነው። ደግነቱ አፉ ለቆሰለና ምግብ ለሚሸተው ሰው ትኩስ የዓሣ ሾርባ ከብዙ ምግብ ይሻላል፤ ገንቢ ነው፣ ዋጋውም አይከብድም። የሚከብደው ሾርባውን ለመጠጣት ሐዋሳ መቆየቱ ነው።

የካንሰር ሕክምና አሠራሩ ራሱ ድሃን ይገፋል። ብዙው የኬሞ ሕክምና በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ እየተደጋገመ ለወራት የሚሰጥ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይመረመራል፤ ሴሎቹ ካላገገሙ ዙሩ ይተላለፋል። ከሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የደረሰ ሰው "ደምዎ ወርዷል፣ በሳምንቱ ይመለሱ" ሲባል ምርጫው ሁለት ነው፤ አልጋ ተከራይቶ መጠበቅ፣ አለዚያም በመጣበት መኪና መመለስ። የጨረር ሕክምና ደግሞ ማሽኑ ላይ የሚያስተኛው ለጥቂት ደቂቃ ቢሆንም በሳምንት አምስት ቀን፣ ለተከታታይ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ይህን ሕክምና የሚሰጠው የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ወረፋው በወራት ይቆጠር ነበር፤ ተራው ሲደርስ ዕጢው ከቀዶ ሕክምናም ከጨረርም አቅም በላይ ሆኖ የተገኘበት ሕመምተኛ ጥቂት አልነበረም። ስለዚህ "ሕክምናው አለ" ማለትና "ሕመምተኛው ሕክምናውን ጨረሰ" ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው የትራንስፖርት፣ የአልጋ፣ የምግብ፣ የአስታማሚና ከመንግሥት ፋርማሲ ሲጠፋ ከውጭ የሚገዛው መድኃኒት ወጪ ተደርድሯል። ዘማቹን የሚጥለውም ይህ መካከለኛው ወጪ ነው።

ጉዳዩ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት ደግሞ አለ። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በኢትዮጵያ 77 ሺህ ገደማ ሰው አዲስ በካንሰር ተይዟል፤ ከ51 ሺህ በላይ ሰው ደግሞ ሞቷል። ካንሰር ሕፃንም ወጣትም ባይምርም በጥቅሉ ከዕድሜ ጋር የሚበረታ ሕመም ነው። እዚህ ላይ የዘማቾቻችንን ዕድሜ እናስላ። በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ዛሬ ወደ 70 ተቃርቧል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን የ25 ዓመት ሰው የነበረው 60ን እየረገጠ ነው። በባድመ ጦርነት ገና ፂሙ ያልበቀለው ወጣት ወደ 50 እየተጠጋ ነው። በ1983 የተበተነው ሠራዊት ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ነበር፤ በኢትዮጵያ ታሪክ እስከዚያ ዘመን ድረስ ያን ያህል ሰው በመደበኛ ጦር ስር ተሰልፎ አያውቅም። ያ ትውልድ አሁን በሙሉ ካንሰር ወደሚበረታበት ዕድሜ ገብቷል። ሐሳቡን ለመጪው አሥር ዓመት ብናሳድረው የምንታደገው ሰው አይኖርም።

ጦርነቱ ራሱ የሚያወርሰው ሕመም መኖሩንም መዘንጋት አይገባም። ለዚህ ማስረጃው ከራሳችን ታሪክ ይገኛል። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን በሰሜን በማይጨውና በተንቤን ግንባሮች ብቻ ሳይሆን በደቡብም የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቅሟል። የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ወደ ዶሎ ያዘመቱት ጦር በዚያው ዓመት ጥር ወር በገናሌ ዶርያ የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ቦምብና መርዝ ወርዶበታል፤ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎም መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ ሰፈር በአውሮፕላን ተደብድቧል። ራስ ደስታ ወደ ሲዳማ ምድር አፈግፍገው በአርቤጎናና በአካባቢው ሲዋጉ ከርመው በየካቲት 1929 ተይዘው ተረሸኑ። የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳ አቃጥሎና ዓይን አጥፍቶ ብቻ አያቆምም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ተራ መድቦታል። ማስረጃውም ባብዛኛው የተገኘው በጃፓን ኦኩኖሺማ ደሴት በነበረው የጋዝ ፋብሪካ ሠራተኞችና በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጋዙ በተመቱ ወታደሮች ላይ በተደረገ ክትትል ነው። የገናሌና የተንቤን ዘማቾች ግን እንዲህ ያለ ክትትል አላገኙም። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ያ ቃል ሲሰጥ ሳንባው ከተቃጠለው ትውልድ አብዛኛው አፈር ለብሷል።

ይህን የማነሳው የኢትዮጵያ ዘማች ሁሉ ካንሰር የያዘው ከጦር ሜዳ ነው ለማለት አይደለም፤ እንደዚያ የሚያስብል ማስረጃ የለም። የማነሳው ማስረጃ ጠይቆ ማስታመም የማይቻል መሆኑን ለማሳየት ነው። አሜሪካ ይህን የተማረችው በብዙ ዘማቾቿ ሕይወት ነው። በቬትናም ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለው ቅጠል አርጋፊ ኬሚካል የነካቸው ወታደሮች ካንሰራቸው ከኬሚካሉ መምጣቱን በየግላቸው እንዲያስረዱ ሲጠየቁ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሕግ ግን መርሁን ቀየረው፤ በተወሰነ ቦታና ጊዜ ያገለገለ ወታደር ከተዘረዘሩት ሕመሞች አንዱ ከያዘው ሕመሙ ከአገልግሎቱ እንደመጣ ይቆጠርለታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የጸደቀው ሌላ ሕግም በኢራቅና በአፍጋኒስታን ከተቃጠለ ቆሻሻ ጭስ ጋር ለተያያዙ ካንሰሮች ይኸንኑ መርህ አሰፋው። ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም ከታማሚው ትከሻ ወርዶ በመንግሥት ላይ ተጫነ። እኛ የአሜሪካን ገንዘብ የለንም፤ መርሁን መውሰድ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። እንዲያውም የአገልግሎት መዝገብ በተቃጠለበት፣ በጠፋበትና ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር በተበተነበት አገር መርሁ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሥርዓት መለዋወጡ ራሱ የችግሩ ሥር ነው። በአገራችን ለዘማች የሚሰጠው ክብር ሲመዘን የኖረው በላከው መንግሥት ዕድሜ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን በዱር በገደሉ የተፋለመው በላይ ዘለቀ ነፃነት በተመለሰ በአራተኛው ዓመት፣ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. ኮሪያ ላይ የተዋጋው የቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ጓዶቹን ቀብሮ፣ ከ500 በላይ ቁስለኛ ይዞ፣ አንድም ምርኮኛ ሳያስቀር ተመለሰ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ግን ዘማቾቹ የተሳሳተው ወገን ወታደር ተደርገው ታዩ። በ1983 ደግሞ ተራው የደርግ ወታደር ሆነ። ጦሩ ሲበተን የወታደር ልብሱን ሳያወልቅ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እጁን ለልመና የዘረጋውን ወታደር ያ ዘመን የደረሰበት ሁሉ ያስታውሰዋል። መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ቢቋቋምም፣ ብዙዎች ያገለገሉበት ዘመን እንዳልነበረ ተቆጥሮ ቀርቷል። በመንግሥት ፈቃድ ላይ የቆመ ምስጋና መንግሥት ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል፤ ዛሬ መድረክ ላይ የሚመሰገነው ወታደርም ነገ ይኸው ዕጣ እንደማይደርሰው ማረጋገጫ የለውም። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው አገልግሎትን ከፖለቲካ ለይቶ የሚያይ ሕግ ብቻ ነው።

ምስጋና በተቋም ሲደገፍ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ በተለምዶ "ኮሪያ ሆስፒታል" የሚባለው፣ የሴኡሉ ምዩንግሱንግ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመው ሆስፒታል፣ የኮሪያ ዘማቾችን በነፃ በማከም ይታወቃል። ደቡብ ኮሪያውያን በቹንቾን ከተማ ለኢትዮጵያ ዘማቾች የመታሰቢያ አዳራሽ አቁመዋል፤ አፍንጮ በር ያለው የመታሰቢያ ሐውልትም የዚሁ ትስስር ፍሬ ነው። ለዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። እነዚህ ሰዎች ያመሰገኑት የሌላ አገር ወታደርን ነው፤ ያመሰገኑትም የላከው ንጉሥ ከወረደ፣ የላከው ሥርዓት ከፈረሰ በኋላ ነው። "እነሱ ሀብታም ስለሆኑ ነው" የሚል ካለ ከፊል እውነት ተናግሯል። ሌላው ከፊል ግን ውለታውን ለሰዎች ስሜት ብቻ ሳይተዉ በሆስፒታል፣ በማኅበርና በትምህርት ዕድል መልክ ማስቀመጣቸው ነው። ዘማቹ በዚያ በር ሲገባ የሚጠየቀው ኮሪያ መዝመቱን እንጂ ድህነቱን አይደለም።

በእኛ ዘንድ ግን የሚጠየቀው ድህነቱ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ጡረተኞችንም የሚያቅፍ ነበር። ሆኖም አፈጻጸሙ በመዋጮው ላይ በተነሳ ቅሬታና በዝግጅት ማነስ ለዓመታት ሲንከባለል በመቆየቱ፣ ለጡረተኛው ወታደር ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበታል። ያለ ጡረታ የተበተነው ደግሞ የቀረለት በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይህ መድን ብዙ ቤተሰብ ታድጓል፤ ነገር ግን መዋጮውን መክፈል ያልቻለ ሰው በነፃ የሚገባበት የቀበሌው ኮሚቴ "የድሃ ድሃ" ብሎ ሲመድበው ነው። ልብ እንበል፤ ለአገሩ ደሙን ያፈሰሰ ሰው ሕክምና የሚያገኘው ዘማች ተብሎ ሳይሆን ከድሆች ሁሉ የባሰ ድሃ መሆኑ በጎረቤቶቹ ፊት ተመስክሮለት ነው። ጥቂት ንብረት፣ አንድ ጎጆ ወይም ሁለት ጥጃ ካለው ደግሞ እሱን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነው መስፈርቱን የሚያሟላው። መጀመሪያ ላይ ውለታ የዋለው ሰው ራሱ ለማኝ ይሆናል ያልሁት ይህን ነው፤ ምስጋና ወደ ምጽዋት ይለወጣል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያውና ከባዱ የፍትሕ ጥያቄ ነው። በካንሰር ክፍል ውስጥ ከዘማቹ ጎን የማኅፀን በር ካንሰር የያዛት የአምስት ልጆች እናት፣ የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን ተኝተዋል። እነሱ ምን ስላጠፉ ነው ዘማቹ የሚቀድማቸው? ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም ዘማቹ አይቀድማቸውም የሚል መሆን አለበት። ሐኪም ሕመምተኛን የሚያስቀድመው በሕመሙ ጽናት እንጂ በሜዳሊያው አይደለም፤ ይህ ሲጣስ ሕክምና ሕክምናነቱን ያጣል። እኔ የምጠይቀው ወረፋ መዝለል አይደለም። ዘማቹ ወረፋው ላይ መድረስ እንዲችል፣ ከደረሰም በኋላ በአልጋ ኪራይ ምክንያት ከሦስተኛው ዙር ላይ እንዳያቋርጥ ነው። የእናቲቱንና የሕፃኑን ቦታ የሚወስድ ነገር የለበትም። እንዲያውም ለዘማች የሚሠራ ለሌላውም ይተርፋል። በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኘው የዘማቾች ሆስፒታል የሠራችው ሮዛሊን ያሎው በደም ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን የመለኪያ ዘዴ ከባልደረባዋ ጋር አግኝታ እ.ኤ.አ. በ1977 የኖቤል ሽልማት ወስዳለች። ዘዴው ከዚያ ወጥቶ ወታደር ሆኖ የማያውቀውን፣ ሚሊዮን ሕመምተኛ አገልግሏል። ሐዋሳ ላይ በዘማቾች ስም የሚሠራ የሕሙማን ማረፊያም እንዲሁ ሌላውን የሩቅ አገር ታማሚ ማስጠጋቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ "የትኛው ዘማች?" የሚል ነው። ከውጭ ወራሪ ጋር የተዋጋውን ማመስገን ይቀላል፤ በእርስ በርስ ጦርነት ወንድሙን የተኮሰውንስ? አገራችን ከሁለተኛው ዓይነት ጦርነት ገና አላገገመችም። ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ ማቀዱን አስታውቋል፤ ከእነዚህ መካከል ጎራ ለይተው የተዋጉ አሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ይገባል። አንደኛ፣ ወታደርን ማከም ጦርነቱን ማጽደቅ አይደለም። ጦርነቱን የወሰኑት ሌሎች ናቸው፤ በተለይ በ1975 ዓ.ም. በታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ከገበያ ላይ ታፍሶ የሄደው ገበሬ አልተማከረም። ወንጀል የፈጸመ ካለ ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን ሰው ግን የካንሰር ክፍል ሊፈርድበት አይችልም። ሁለተኛ፣ መንግሥትን ወግቶ ትጥቁን የፈታ ተዋጊ የሚታከምበት መሠረት ምስጋና ሳይሆን የሰላም ውል ነው። ሰላም የሚጸናው ሁለቱም ወገን ጠመንጃ በመጣሉ ሳይጎዳ ሲቀር ነው። መሠረታቸው ቢለያይም ሁለቱም ሰዎች የሚደርሱበት የሆስፒታል በር አንድ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ "ወታደር ደመወዝ ተከፍሎታል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ዕዳ አለብን?" ይላል። ደመወዝ የቀን ሥራ ዋጋ ነው። መምህሩም ነርሱም ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ ነገር ግን የሥራ ውላቸው "ሲታዘዙ ለመሞት ዝግጁ ናቸው" አይልም። ከዚህ በላይ ወታደር በአገልግሎት ላይ ያሳለፋቸው ዓመታት ሌላው ሰው ቤት የሠራባቸው፣ ንግድ የጀመረባቸው፣ ልጆቹን ያሳደገባቸው ዓመታት ናቸው። ስለዚህ በ60 ዓመቱ ካንሰር ሲይዘው የሚሸጠው መሬት፣ የሚያስታምመው የደረሰ ልጅ፣ የሚበደረው የሥራ ባልደረባ ላይኖረው ይችላል። የዕድሜ ልክ ማኅበራዊ መደገፊያውን ያሳጣው አገልግሎቱ ከሆነ፣ ያን መደገፊያ መተካት የአገሪቱ ኃላፊነት ነው። አንዳንዶች "መከላከያ የራሱ ሆስፒታሎች አሉት" ይላሉ። አሉት፤ ግን በ1983 የተበተነው ወታደር ዛሬ በሠራዊቱ መዝገብ ላይ የሌለ ሲቪል ነው፤ የካንሰር ሕክምናም በወራት ክትትል የሚሰጥ በመሆኑ ለቦረናው ታማሚ የሚበጀው አዲስ አበባ ያለ ወታደራዊ ሆስፒታል ሳይሆን በቅርቡ ያለው የሪፈራል ሆስፒታል ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ድሃ አገር ይህን ከየት ታመጣለች? እስቲ ለግምት ያህል እንቁጠር። ከላይ የጠቀስሁት የ77 ሺህ ግምት ለ115 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ሲካፈል ከ100 ሺህ ሰው በዓመት ወደ 67 ሰው ይደርሳል። ግማሽ ሚሊዮን ዘማች አሉ ብንል በዚህ ስሌት በዓመት 335 ገደማ አዲስ ታማሚ ይኖራል። ዘማቾች በዕድሜ የገፉ ናቸውና አምስት እጥፍ እናድርገው፤ ከ1,700 አይበልጥም። ይህ ቁጥር የእኔ የወረቀት ሒሳብ እንጂ ጥናት አይደለም፤ ግን የነገሩን መጠን ያሳያል። መንግሥት እንዲሸፍን የሚጠየቀው የዓለምን ውድ መድኃኒት ሁሉ አይደለም፤ በመንግሥት ሆስፒታል የሚሰጠውን ሕክምና፣ የጤና መድን መዋጮውን፣ የአውቶቡስ ትኬቱን፣ የሕክምናውን ሰሞን ማረፊያና መድኃኒት ላልያዘው ሕመም የሥቃይ ማስታገሻውን ነው። ለአንድ በዓል ለድንኳን፣ ለመድረክና ለቲሸርት የሚወጣውን ለሚያውቅ ሰው ይህ የማይሞከር ወጪ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ በየትኛውም ሥርዓት የዘመተ ሰው የሚመዘገብበት አንድ የዘማቾች መዝገብ ይከፈት፤ ወረቀቱ ለጠፋበት በጓዶች ምስክርነት የሚሞላ፣ ከፋይዳ መታወቂያ ጋር የተያያዘ። ቀጥሎም በመዝገቡ የገባ ሰው ሁሉ የጤና መድን መዋጮው "የድሃ ድሃ" ሳይባል በዘማችነቱ ብቻ በመንግሥት ይከፈልለት፤ ካንሰሩ ከጦር ሜዳ መምጣት አለመምጣቱን አስረዳ አይባል። የካንሰር ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች ባሉባቸው ከተሞች ደግሞ ማረፊያ ይዘጋጅ። ሐዋሳ ለዚህ መጀመሪያ ልትሆን ትችላለች። የሲዳማ ክልልና የከተማ አስተዳደሩ ቦታ፣ ደቡብ ዕዝ የሰው ኃይልና ግንባታ፣ ሆቴሎቿ ከቱሪስት ወቅት ውጭ ባዶ የሚያድሩ አልጋዎቻቸውን፣ ዕድሮቿ አስታማሚ ለሌለው አስታማሚ፣ የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎችም የዕለት ሾርባ ቢያዋጡ የሚቸገር የለም። የግል ልግስናው ግን በሕጉ ላይ የሚጨመር እንጂ ሕጉን የሚተካ መሆን የለበትም፤ የሚተካው ከሆነ ተመልሰን ወደ ምጽዋት እንገባለን።

ስለዚህ በመጪው ጥቅምት 15 መድረክ ላይ የሚወጣ ባለሥልጣን ሁሉ ከንግግሩ በፊት ለአንድ ጥያቄ መልስ ይዞ ይውጣ፤ ለአራተኛው ዙር ኬሞ ከሞያሌ ሐዋሳ የገባ የቀድሞ ወታደር "በሳምንቱ ይመለሱ" ሲባል ያን ሳምንት የት ያድራል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? መልሱ "እንደ ዘመዶቹ አቅም" ከሆነ ስለ ጀግንነቱ የሚነገረው ሁሉ እሱን አይመለከትም። መልሱ "መንግሥት፣ በሕግ" በሆነ ቀን ግን ዘማቹ ማንንም ማመስገን ሳይጠበቅበት ይታከማል፤ ማመስገኑም የኛ ፈንታ ይሆናል።